ጦሩ ምን ይበላ ነበር?

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን፣ ወልድያን፣ ቆቦን፣ አላማጣንና ኮረምን አልፎ ማይጨው ይገባል። በ1928 ዓ.ም. ወደ ሰሜኑ ግንባር ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ብዙው የተጓዘው በዚህ መስመርና በግራ ቀኙ ባሉ የበቅሎ ጎዳናዎች ነው። ስለዚያ ዘመቻ የተጻፉት መጻሕፍት ግን ደሴ ላይ ጥቂት ያርፉና ወዲያው ኮረም ይደርሳሉ። መካከል ያለው አገር፣ የሐብሩና የየጁ ምድር፣ ከአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ አያገኝም።

መርሳ አድጎ ወልድያ የተማረ አንድ አንባቢ ይህ ክፍተት ለዓመታት ሲከነክነው ኖሯል። ዛሬ የታሪክ መምህር ነው። ያን ጊዜ ግን ወልድያ ቤት ተከራይቶ የሚማር ወጣት ነበር፤ አንድ ጓደኛው «የሐበሻ ጀብዱ»ን አዋሰው። ደራሲው አዶልፍ ፓርለሳክ በጦርነቱ ጊዜ በራስ ካሣ ኃይሉ ጦር ውስጥ በወታደራዊ አማካሪነት ያገለገለ፣ ያየውንም አገሩ ገብቶ የጻፈ ቼክ ነው። ተጫነ ጆብሬ መኮንን ወደ አማርኛ መልሰውታል። ወጣቱ እጅ ሲገባ መጽሐፉ ብዙ ሰው ያነበበው፣ ጠርዙ የተላጠ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ ነበር። ሌሊቱን ሲያነብ አደረ።

ቅዳሜ መጽሐፉን በቦርሳው ይዞ በሚኒባስ መርሳ ወረደ፤ ከዚያም ግራና ወደምትባለው ከተማ አቅጣጫ ወደ አያቱ ቤት በእግሩ ሄደ። አያቱ ጣሊያን ሲገባ ከብት የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ የሰሙትን ግን አይረሱም። ወጣቱ ከግቢው ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ ተንቤን ውጊያ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ገጽ ከገጽ ሳያቋርጡ አዳመጡ። መጽሐፉ ለአፍታ ሲታጠፍ የጠየቁት ግን ስለ ጀግናው አልነበረም፤ ስለ መትረየሱም አልነበረም።

«የኔ አባት፣ ጥሩ አንብበሃል። ጦሩ ምን ይበላ ነበር?»

«እሱን እዚህ ላይ አይልም፣ አባባ።»

«በቅሎዎቹስ?»

«በቅሎዎቹ ምን?»

«ምን ይግጡ ነበር? የት ውሃ ጠጡ? ይሄንን ካላወቅህ ጦሩ ከደሴ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ በምን ታውቃለህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጣቱ የዘመቻ መጽሐፍ በያዘ ቁጥር እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ነው የሚያነበው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ»፣ የራስ እምሩን «ካየሁት ከማስታውሰው»፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» እየተዋሰ፣ አንዳንዴም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እየገዛ አነበበ። ሐዲስ ዓለማየሁ በሽሬ ግንባር ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው በኋላ ተማርከው ወደ ጣሊያን የተጋዙ ስለሆኑ፣ ስለ ተራው ዘማች የሚጽፉት ሥጋና አጥንት አለው። አንባቢው መጽሐፎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያያቸው፣ ትምህርት ቤት በግማሽ ገጽ የተማረው ማይጨው ወራት የፈጀ ጉዞ ሆኖ ታየው።

ነገሩ ሲጀምር እንዲህ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ነጋሪት ተጎሰመ፤ የክተት ዐዋጅ ታወጀ። በጥቅምት የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ መሀል ሰፋሪውን ይዘው ከአዲስ አበባ ተነሡ። ንጉሠ ነገሥቱ ኅዳር 20 ደሴ ገቡ። ከደሴ እስከ ግንባሩ ያለው ጉዞ ለአብዛኛው ሠራዊት የእግርና የበቅሎ ጉዞ ነበር።

ክተት ሲባል መንግሥት ቀለብ ይሰፍራል ማለት አልነበረም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ስንቁን የምታሰናዳው ሚስት፣ እናት ወይም እኅት ናት። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈተጋል፣ ይፈጫል፤ በሶ ሆኖ በአቁማዳ ይታሠራል። ዘማቹ ውሃ ባገኘበት ቦታ በጨው አሽቶ ጭብጦ ያደርገዋል፤ እሳት አያስፈልገውም፣ ጭስ አይታይበትም። እንጀራው ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል። ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድልህ፣ የተቆላ ሽምብራ ይጨመርበታል። አቅም ያለው አህያ ወይም አጋሰስ ይጭናል፤ የሌለው በትከሻው ይሸከማል። ከኋላ ሴቶች ይከተላሉ፤ ሰፈር በተመታ ቁጥር ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት፣ የሚጋግሩት እነሱ ናቸው። ይህ ስንቅ ለሳምንታት ይበቃ ይሆናል። ዘመቻው ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ዘለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በመንገዱ ላይ ባለ ገበሬ ጎተራ ላይ የወደቀ ነው።

አባባ ይህን ሲያስረዱ የወሩን ነገር ያነሡ ነበር። ጦሩ ወደ ሰሜን የወጣው በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በሐብሩ ቆላ ያ ጊዜ ጤፉ የሚታጨድበት፣ የማሽላው ራስ የሚቀነጠስበት፣ አውድማው የሚለቀለቅበት ነው። መንገደኛ ቢበዛ የሚቆርስለት አይጠፋም፤ አገዳውና ጭዱም ለከብት ይተርፋል። ጦሩ የተመለሰው ግን በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ነው። ያን ጊዜ ጎተራው ይጎድላል፤ ቀሪው ለዘርና ለክረምት ቀለብ የተቀመጠ ነው፤ ሣሩም በበጋው አልቆ የበልግ ዝናብ ይጠበቃል። ያው ጦር፣ ያው መንገድ፣ ያው ገበሬ ነው። አንዱ ግን በጥጋብ፣ ሌላው በጎደሎ ወር የተደረገ ጉዞ ነው። አንባቢው ይህን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘውም። ወራቱን ግን መጽሐፎቹ ሁሉ ይነግሩታል፤ መኸሩንና በልጉን የሚያውቀው እሱ ነው።

ርቀቱንም በእግሩ ያውቀዋል። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መርሳ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደሴ ቀርባ ትገኛለች። በአውቶቡስ ሲኬድ ግማሽ ቀን አይሞላም። ጭነት የያዘ ሰው በቀን 20 ወይም 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ደሴ ያደረ ዘማች ወልድያ ለመግባት አምስት ስድስት ቀን ያስፈልገዋል። ከወልድያ በኋላ አለውሃን ተሻግሮ፣ በጎብዬና በሮቢት አልፎ የቆቦ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ሜዳው ሙቀትና ወባ ያለበት ቆላ ነው። አላማጣ ሲደርስ ደግሞ ተራራው ፊት ለፊት ይቆማል፤ ኮረም ላይ ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አልፎ ብርድ ውስጥ ገብቷል። አንድ የደጋ ገበሬ ነጠላውን ለብሶ፣ ምንሽር ወይም ወጨፎ ተሸክሞ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከብርድ ወደ ንዳድ፣ ከንዳድ ወደ ብርድ ተላልፎ ነው ጠላት ፊት የቆመው። ብዙው ሰው ከመዋጋቱ በፊት መታመሙ የሚገርም አይደለም።

በሌላው ወገን ያለው ጦር ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ጣሊያኖች በሰሜንና በደቡብ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው አሰለፉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ነበሯቸው፤ በኢትዮጵያ በኩል የነበሩት ጥቂትና ለውጊያ የማይሆኑ ናቸው። ማርሻል ባዶሊዮ በኅዳር ወር ከዴ ቦኖ አዛዥነቱን ሲረከብ ቶሎ አልገሰገሰም፤ መንገድ አሠራ፣ ጥይትና ዱቄት አከማቸ። ከምጽዋ ወደብ የሚነሣ መኪና ምግቡን ግንባር ድረስ ያመጣለት ነበር። አባባ ይህ ሲነበብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ቀለቡን አስቀድሞ ነዋ፣ ልጄ። የኛ ሰው ነፍሱን አስቀደመ» አሉ።

ኅዳር 26 አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። የአሜሪካ ሚሲዮናውያን የሚሠሩበት ሆስፒታል ቀይ መስቀል እያለበት ተመታ፤ ከተማው ተቃጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ይዘው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ የዚያ ቀን ነው፤ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ዞሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ከደሴ በላይ ያለው መንገድ የሌሊት መንገድ ሆነ። ቀን ሜዳ ላይ የታየ ጭነት ይመታል። አባባ በልጅነታቸው የሚያስታውሱት ይህንን ነው። ከብት ሜዳ ላይ አሰማርተው ሳለ ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ ትልልቆቹ እረኞች «ተበተኑ!» ይላሉ፤ ልጆቹ ወደ ቁጥቋጦ ይሮጣሉ፤ ከብቶቹ ግን የሚሄዱበት የላቸውም። ማታ ማታ ደግሞ ከመንገዱ የበቅሎ ኮቴ፣ የሰው ሳልና የሸክም ሲጥሲጥታ ይሰማ ነበር። ሰዎቹን አያዩአቸውም። ጠዋት ሲወጡ ፋንድያውን፣ የጠፋውን እሳትና የተጣለውን የተበጠሰ ጠፍር ያገኛሉ።

መርዙ የመጣው በታኅሣሥ ነው። መጀመሪያ ከተመቱት መካከል ተከዜ ላይ የነበረው የራስ እምሩ ጦር ይገኛል። ከአውሮፕላን የወረደው በርሜል ሲፈነዳ እንደ ቦምብ አላቃጠለም፤ ፈሳሽ ነው የረጨው፤ የነካው ሰው ቆዳው ተላጠ። ጣሊያን በ1925 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን ውል ፈርማ ነበር። ጣሊያን ጋዙን መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ 60 ዓመት አልፎ። አንባቢው መርዙን በተመለከተ አንድ ነገር ከስንቅ ጋር አገናኝቶ አየ። መርዙ የወረደው ሰው ላይ ብቻ አይደለም፤ ወንዝ ላይ፣ ሣር ላይ፣ ቅጠል ላይም ነው። በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ ከወንዝ የሚጠጣ፣ በቅሎውን ሜዳ ላይ የሚያግጥ ጦር ላይ የተረጨ ነው። በመኪና የመጣለትን ቀለብ የሚበላውን ጦር እንዲህ ያለ መሣሪያ በዚህ መጠን ባልጎዳው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጻሕፍቱ በዝርዝር ይነግሩናል። በጥር፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም መንገሻ ተንቤን ላይ ተዋግተው ጣሊያኑን ክፉኛ አስጨነቁት። በየካቲት መጀመሪያ አምባ አራዶም ላይ የራስ ሙሉጌታ ጦር በመድፍና በአውሮፕላን ተሰበረ። ራስ ሙሉጌታ በማፈግፈግ ላይ ሳሉ ልጃቸው መገደሉን ሰምተው ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እርሳቸውም በአውሮፕላን ተመትተው እዚያው ወደቁ። ከየካቲት 19 እስከ 21 በሁለተኛው ተንቤን ውጊያ የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦር ተፈታ፤ በየካቲት መጨረሻ ደግሞ የራስ እምሩ ጦር ሽሬ ላይ ተመታ። አራት ታላላቅ ጦሮች ባንድ ወር ውስጥ ተበተኑ። የቀረው ንጉሠ ነገሥቱ ኮረም ላይ ያሰባሰቡት፣ ክቡር ዘበኛ ያለበት ጦር ነበር።

የማይጨው ውጊያ በተደጋጋሚ ቀጠሮው ተላልፎ መጋቢት 22 ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተጀመረ። ጣሊያኖች የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ስለነበር ጥቃቱን ይጠብቁት ነበር፤ በተላለፈው ቀን ሁሉ ምሽጋቸውን አጠነከሩ። ክቡር ዘበኛው ምሽግ ሰብሮ ገባ፤ እጅ በእጅ የተዋጋበት ቦታ አለ። እስኪመሽ ድረስ ግን መስመሩን መስበር አልተቻለም። ጦሩ ወደ ኮረም ማፈግፈግ ሲጀምር በአሸንጌ ሐይቅ ዳር አውሮፕላኖች ደረሱበት። በቀን፣ በግልጽ ሜዳ ላይ፣ ቦምብና መርዝ አወረዱበት። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሐኪም ማርሴል ጁኖ በኮረም አካባቢ በመርዝ የተቃጠሉትን ሰዎች በዐይኑ አይቶ ጽፏል። የእንግሊዙ የቀይ መስቀል ቡድን፣ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው፣ በየካቲት ማብቂያ እዚያው ኮረም ላይ ተደብድቦ ነበር።

ወደ ኋላ የሚመለሰው ሰው ሌላም አደጋ ነበረበት። ጣሊያን ብርና ጠመንጃ አድላ ከአካባቢው ታጣቂዎች የተወሰኑትን በሸሸው ጦር ላይ አስነሥታ ነበር። ይህ ገጽ ሲነበብ ብዙ አንባቢ ይቆጣል። አባባ ግን አልተቆጡም። የራያና የአዘቦ ሕዝብ ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንግሥት ዘመቻ ተጎድቶ እንደነበር፣ ቂም ያለበትን ሰው ጠላት ቀድሞ እንደሚያገኘው ነገሩት። ከዚያው አገር ጣሊያንን የወጉ እንደነበሩም ጨመሩ። አንባቢው ከዚያ ወዲህ የአንድን አገር ሰው በአንድ ቃል የሚፈርድ ምዕራፍ ሲያጋጥመው ቆም ብሎ ሌላ መጽሐፍ ይፈልጋል።

አባባ በራሳቸው ዐይን ያዩት የዘመቻው ክፍል መጨረሻው ነው። ሚያዝያ ላይ ሰዎች በየመንደሩ መጡ። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሏል፤ አንዳንዱ ያቺኑ ጠመንጃ ለእንጀራ ሊሸጥ ይጠይቃል። የእናታቸው ደጃፍ ላይ አንድ የሩቅ አገር ሰው፣ ቋንቋው የማይገባቸው፣ እግሩ ቆስሎ ተቀመጠ። እናታቸው ለዘር ካስቀመጡት ማሽላ ቆንጥረው ፈጩ፣ ቂጣ ጋግረው ሰጡት፤ ቁስሉንም በሞቀ ውሃ አጠቡለት። ሰውየው ሁለት ሌሊት አድሮ ወደ ደቡብ ሄደ። የዚያን ዓመት የእናታቸው ማሳ ከፊሉ ሳይዘራ አደረ። አባባ ይህን ያወሩት ጀብዱ ለመንገር አልነበረም፤ «ስንቁ ከዚህ ነበር የሚወጣው» ለማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ መንገድ አልተመለሱም። ከዋናው ጎዳና ወጥተው ወደ ላስታ አቀኑ፤ ላሊበላ ገብተው ጸለዩ፤ ከዚያ በተራራው መንገድ ወደ ሸዋ ወረዱ። የጣሊያን ጦር ግን ከኮረም ተነሥቶ በቆቦና በወልድያ በኩል ገስግሶ ሚያዝያ 7 ደሴ ገባ።  ከዚያም ደሴ ላይ የተሰባሰበው ከ1,700 በላይ መኪና ያለው ሰልፍ ወደ አዲስ አበባ አመራ፤ ሚያዝያ 27 ዋና ከተማዋ ተያዘች።

መጻሕፍቱ ለምን በዚህ መካከል ያለውን አገር ይዘልሉታል? አንባቢው ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቹ ሲያቀርብ መልሱን ከጸሐፊዎቹ ኑሮ ይፈልጋል። ባዶሊዮ የጻፈው ከአዛዥ ድንኳን ነው፤ ለእሱ ወልድያ ያለፈበት ነጥብ ናት። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር ወሬውን ከደሴና ከአዲስ አበባ ነው ያቀናበረው። ራሶቹና መኳንንቱ የጻፉት በጦሩ መካከል ሆነው ያዩትን ነው፤ ስንቁ ከየት እንደመጣ የሚጨነቁት አሽከሮቻቸውና ሴቶቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አልጻፉም። ፓርለሳክ ከሌሎቹ የሚሻልበት ነገር ቢኖር ከተራው ወታደር ጋር በልቶ፣ ከተራው ወታደር ጋር ተርቦ መጻፉ ነው። እንግዳ ሰው ስለሆነ ለባለአገሩ የተለመደው ነገር ሁሉ ያስደንቀዋል፤ የተደነቀበትንም ይጽፈዋል። አንባቢው ይህን መጽሐፍ እስካሁን ከሌሎቹ አስበልጦ የሚወድበት ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ስንቅ የሚያወራው ታሪክ ከ1928ም ይቀድማል። ከመርሳ በስተደቡብ ባለችው በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ወደ ዐድዋ ያደረሰውን ጠብ ወለደ። በ1888 የምኒልክ ጦር ወረ ኢሉ ላይ ከትቶ በዚሁ በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ዘመተ። ከዚያ በፊት ግን ክፉ ቀን የሚባለው ረሀብ አገሩን አራቁቶት ነበር። ወታደር በገበሬ ቤት እያደረ የሚበላበት ልማድ ገበሬውን እንደጨረሰው ንጉሡ አይተው፣ በ1880ዎቹ አሥራት እንዲከፈልና ወታደሩ ከጎተራ እንዲሰፈርለት ደነገጉ። ዐድዋን ያሸነፈው ጦር ከዚህ ሥርዐት በኋላ የዘመተ ነው። እንደዚያም ሆኖ የካቲት ላይ ስንቁ ተሟጦ፣ ንጉሡ ሊመለሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው ጄኔራል ባራቲየሪ ወጥቶ የተጋጠማቸው። አንባቢው ይህን ሲያነብ የአባባ ጥያቄ የሊቃውንትም ጥያቄ መሆኑን ተረዳ።

በ1933 ዓ.ም. መንገዱ ሌላ ጦር አየ። ሚያዝያ 18 ደሴ ከጣሊያን እጅ ወጣች፤ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ጣሊያኖች በሠሩት መንገድ በወልድያ በኩል ወደ አምባ አላጌ ገሠገሡ። የጣሊያኑ አዛዥ የአኦስታው መስፍን ግንቦት 11 እዚያ እጁን ሰጠ። አባባ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ። የሚያስታውሱት የታሸገ ሥጋ የሚበላ ወታደር ነው፤ ጣሳውን ሲጥል ልጆች ይሻሙበት ነበር። ከዚያ ዘመቻ በመንደራቸው የቀረው ቅርስ በጣሳው የተሠራ መቅጃ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከጋኑ አጠገብ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

አባባ በ2013 በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተነሣውን ጦርነት አላዩም፤ ቀድመው ዐርፈዋል። በዚያ ዓመት ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ ወረደ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ቆየ። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። ብዙ ሰው ሕፃን አዝሎ በደሴ መንገድ በእግሩ ተሰደደ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ቤቱን ዘግቶ ቀረ። አንባቢው ከቀሩት ነው። ዱቄት ሲያልቅ ወፍጮ በናፍጣ ዕጦት ቆሞ ነበርና፣ የተጣለው የድንጋይ ወፍጮ ከጓሮ እየተነሣ ታጥቦ እህል ተፈጨበት። የጎረቤት እናቶች ማን ቤት ስንት ቁና እንደቀረ ያውቁ ነበር፤ ያለው ለሌለው በሳፋ ሸፍኖ ይልካል። ነሐሴ የተራበ ወር ነው፤ የማሽላው ቡቃያ ገና ቆሞ ነበር። በኅዳር ሲደርስ ደግሞ ያጨደው ሁሉም አልነበረም።

ሰላም ሲሆን «የሐበሻ ጀብዱ»ን እንደገና አነበበው። መጀመሪያ ሲያነበው ልቡን ያሞቀው የጀግንነቱ ክፍል ነበር። አሁን እጁ የቆመው ጦር ከአንድ መንደር ገብቶ የወጣባቸው ገጾች ላይ ነው። በዚያች መንደር ያደረች ሴት ጠዋት ምን እንዳጣች አሰበ። የዘመቻ ታሪክ የጄኔራሎች ብልሃትና የወታደሮች ወኔ ብቻ ነው ብሎ ለተማሪ ማስተማር ከዚያ በኋላ አልሆነለትም። የጀግኖቹን ክብር ዝቅ ለማድረግ አይደለም። ተንቤን ላይ ምሽግ የዘለለው ሰው ጉልበቱን ያገኘው አንዲት ሴት ለልጆቿ ካስቀመጠችው እህል ከሆነ፣ ስሟ ቢጠፋም ድርሻዋ መጻፍ አለበት ብሎ ያምናል።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ ማይጨው ሲደርስ ካርታ ያሥላል። ተማሪዎቹ ከደሴ እስከ አሸንጌ ያሉትን ወንዞች በየስማቸው ያስገባሉ፤ ከወንዝ ወንዝ በእግር የሚወስደውን ጊዜ ከወላጆቻቸው ጠይቀው ይጽፋሉ፤ በየወሩ ማሳው ላይ ያለውን እህል ከሥሩ ያሰፍራሉ። ከዚያ የዘመቻውን ቀናት ካርታው ላይ ሲያስቀምጡ ልጆቹ ራሳቸው «መምህር፣ በሚያዝያ ምን በሉ ታዲያ?» ብለው ይጠይቃሉ። የገበሬ ልጆች ስለሆኑ መልሱን ለመገመት አይቸገሩም። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በወረዳቸው ስለሚገኝ፣ ስለ ማሽላ ዝርያና ስለ ዝናቡ ወቅት ብዙ የሰሙ አሉ፤ ይህ እውቀት ለታሪክ ትምህርት ይጠቅማል ብሎ የነገራቸው ግን አልነበረም።

መምህሩ አንድ ጥያቄ ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ሰዎችና ለዞኑ የባህል ባለሙያዎች ማቅረብ ይፈልጋል። በ1928 ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዕድሜው ወደ 100 ነው። ከእነዚያ ሰዎች በቀጥታ የሚሰማው ጊዜ አልቋል ማለት ይቻላል፤ የሚገኘው ልጆቻቸው የሰሙት ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ መሰብሰብ አለበት። የ2013ቱ ግን ገና ትናንት ነው። በመርሳ፣ በወልድያ፣ በጎብዬና በቆቦ ያን ጊዜ የፈጩት፣ የጋገሩት፣ የደበቁት፣ ቁስለኛ ያነሡት ሰዎች ሁሉ አሉ፤ ዕድሜያቸውም ገና ነው። ማን ከየት መጥቶ ደጃቸው ላይ እንደቆመ፣ ምን እንደሰጡት፣ ምን ሳይጠይቅ እንደወሰደ፣ ለዘር ካስቀመጡት ምን ያህል እንደጎደለ፣ በሚቀጥለው ክረምት ስንት ጥማድ ሳይታረስ እንደቀረ ቢጠየቁ ይናገራሉ። መቅረጸ ድምፅ አሁን በየሰው ስልክ ውስጥ አለ። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ሊጀምሩ ይችላሉ፤ መምህሩም በዘንድሮው ክረምት ከራሱ እናት ጀምሯል።